አክተር ልሁን ባዩ የጎጃም ልጅ በኮሜዲ ፊልሞቻችን

በአማርኛ ኮሜዲ ፊልም ላይ እየተመላለሰ የሚመጣ አንድ ገፀ ባህርይ አለ። ከጎጃም ገጠር ቁምጣውን ታጥቆ ኮንጎ ጫማውን ተጫምቶ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ አዲስ አበባ ይገባል፣ ቀን ቀን ሎተሪ ያዞራል ወይ ሲሚንቶ ይሸከማል፣ ልቡ ግን አክተርነት ላይ ነው። ኦዲሽን ሲገባ የተሰጠውን ስክሪፕት ትቶ የራሱን ያወራል፣ ዳይሬክተሩ ሲቆጣው ጭራሽ ፉከራውን ያቀልጠዋል። ብዙ ጊዜ ታሪኩ እንዲህ ነው የሚሄደው፣ በመሀል ከተሜ ልጅ ይወዳል፣ መጨረሻ ላይ ይሳካለታል።

ሳቁ ግማሹ ከአነጋገሩ ነው የሚመጣው፣ «እሺ» በማለት ፈንታ «እሽ» ሲል፣ «አንቺ»ን «አንች» ሲል ብቻ ሰው ይስቃል። እኛ ጋ እንደዚህ ነው እኮ የሚወራው! ሰፈር ውስጥ ማንም አይስቅበትም።

ፊልሞቹ ልጁን ለመድረክ ባዳ አድርገው ነው የሚያሳዩት እና እኔ በዚህ በጭራሽ አልስማማም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፣ ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ የሚባሉት ትልልቅ ቅኔ ቤቶች እዚያው ናቸው፣ ተማሪው ለምዱን ለብሶ አኮፋዳውን ይዞ በየደጁ እየለመነ ይማራል። ጫካ ገብቶ ብቻውን የሚያወጣ የሚያወርድበት ሰዓት ቆጠራ ይባላል፣ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ ያ ደሞ ነገራ ነው፣ ትላንት ያለውን ዛሬ መድገም አይችልም፣ ሁሌ አዲስ ነው የሚፈለገው፣ ጓደኞቹም እያዳመጡት ነው። ይሄ ኦዲሽን ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ነው ያለው፣ በዚያች አጭር ነገር ሰሙን ከላይ አስቀምጦ ወርቁን ከስር መደበቅ የለመደ ልጅ ቀልድ የቱ ጋ እንደሚመታ ማንም ሊያስተምረው አያስፈልግም። ቅኔ ቤት ያልገባውም ቢሆን በሰርግ በደቦ ቀረርቶና ፉከራ እየሰማ ነው ያደገው።

ደሞ ከዚህ መንገድ የመጣ ሰው በእውነት ነበር። ዮፍታሔ ንጉሤ በ1887 ዓ.ም ጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወልዶ፣ ቅኔ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ገብቶ ከመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ቲያትር ደራሲዎች አንዱ ሆነ፣ የኃይለ ሥላሴ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥምም የሱ ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በቪዲዮ ካሜራ የሚሰሩ ፊልሞች ሲበዙ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ያለው ሰው በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ነበር የሚያየው፣ እና አነጋገሩን አጋኖ የሚሰራ አክተር ሲመጣ «ይሄ የኛ አገር ሰው አደለም» ይባላል ወዲያው። አሁን ስልክ የያዘ የገጠር ልጅ ራሱ ቀርፆ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ይለቃል፣ «እሽ»ን እንደ እናቱ ነው የሚላት፣ ሳቁም የሚመጣው ከነገሩ ነው።