የውድድር አዘጋጅነትን ጥቅም ከጎረቤት ጋር መጋራት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

ደሴ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ኮምቦልቻ ያርፋል። ከዚያ በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ ደሴ ይገባል። ኮምቦልቻ ሞቅ ትላለች፣ ደሴ ብርድ ናት፤ ሰው ጃኬቱን የሚደርበው መንገድ ላይ ነው። አንዷ ከተማ መንገደኛውን ትቀበላለች፣ ሌላዋ ታሳድራለች፣ ባለ ሚኒባሱ በመሐል እንጀራውን ይበላል። የትልልቅ ስፖርት ውድድሮችን ጥቅም ከጎረቤት ሀገር ጋር መጋራት የሚባለውም ሲጨመቅ ይኸው ነው። ልዩነቱ እዚያ መሐል ላይ ድንበርና ቪዛ መኖሩ ነው።

መጋራቱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ጨዋታዎቹን ራሳቸውን መከፋፈል ነው፤ የጋራ አዘጋጅነት ይባላል። የአፍሪካ ዋንጫን በ2000 ጋናና ናይጄሪያ፣ በ2012 ደግሞ ጋቦንና ኢኳቶሪያል ጊኒ አብረው አዘጋጅተዋል (ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዓለም ዋንጫ መንገዱን የጀመሩት በ2002 ደቡብ ኮሪያና ጃፓን ናቸው። የ2026ቱ 48 ቡድኖችና 104 ጨዋታዎች ያሉት ሆኖ ለአሜሪካ፣ ለካናዳና ለሜክሲኮ ተሰጠ። ሁለተኛው መልክ አዘጋጁ አንድ ሀገር ሲሆን ነው። ጎረቤቶቹ ጨዋታ አይደርሳቸውም። ግን ከልምምድ ሜዳው፣ ከሆቴሉ፣ ከበረራው፣ ከቱሪስቱ የሆነ ነገር እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ።

የመጀመሪያው ቅርጫ ነው። ቅርጫ የሚገባ ሰው በሬው ከመታረዱ በፊት ገንዘቡን ያዋጣል፣ መደቡን ያውቃል። ሁለተኛው ግን ሥጋው ከተመደበ በኋላ አጥር ላይ ቆሞ “ደህና ዋላችሁ?” እንደማለት ነው። ወይ ይጠሩሃል፣ ወይ አይጠሩህም።

ለዚህ ከ2010ሩ የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ የተሻለ ማሳያ የለም። ውድድሩ “የአፍሪካ” ተብሎ ነበር የተሸጠው። 64ቱም ጨዋታዎች ግን የተካሄዱት በደቡብ አፍሪካ 9 ከተሞች ነው። ከእነዚህ አንዷ ኔልስፕሩት ለሞዛምቢክ ድንበር ቅርብ ናት፤ ከማፑቶ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ። እዚያ የተሠራው የምቦምቤላ ስታዲየም ከ40 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። በዓለም ዋንጫው የተጫወቱበት 4 ጊዜ ብቻ ነው። ለ4 ጨዋታ ጎረቤት አገር ሆቴል ሠርቶ ቢጠብቅ ከስሮ ነው የሚቀረው።

ለጎረቤቶች በግልጽ የደረሰው የወዳጅነት ጨዋታ ነበር። ብራዚል ከውድድሩ በፊት ሐራሬ ሄዳ ዚምባብዌን 3 ለ 0፣ ዳሬሰላም ሄዳ ታንዛኒያን 5 ለ 1 አሸንፋ ተመልሳለች። ሽንፈቱ ማንንም አላስከፋም፤ ሕዝቡ የወጣው ካካን ለማየት ነው። ሰሜን ኮሪያም ዚምባብዌ ውስጥ ልምምድ ልታደርግ አስባ ነበር። ይሁንና በ1980ዎቹ በዚያው አገር በማታቤሌላንድ ብዙ ሰው የጨረሰውን የዚምባብዌ ጦር አምስተኛ ብርጌድ ያሠለጠኑት ሰሜን ኮሪያውያን ነበሩ። የአካባቢው ሰው ይህን አልረሳም። ተቃውሞ ተነሣ፣ ቡድኑም ሳይመጣ ቀረ። እንግዳ ሁሉ ገቢ አይደለም።

ፊፋ ከውድድሩ ጋር አያይዞ በአፍሪካ 20 የእግር ኳስና የማኅበረሰብ ማዕከላት ለመገንባት ቃል ገብቶ ነበር። አንዱ የተሠራው በሌሶቶ ዋና ከተማ በማሴሩ ነው። እንዲህ ያለው ይሻላል። ጩኸቱ ካለፈ በኋላም ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

እኛ ዘንድ የደረሰው በዲሽ ነው። ሰኔ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ደቡብ አፍሪካ ከሜክሲኮ። ደሴ ውስጥ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። በሩ ላይ ፕሮግራሙ በወፍራም ማርከር ተጽፏል። ውስጡ አግዳሚ ወንበር በአግዳሚ ወንበር ላይ ነው፤ የኋላው ሰው ጉልበት ጀርባህን ይወጋሃል። የደቡብ አፍሪካው ሻባላላ ጎል ሲያገባ ቤቱ ተናጋ። ልጁ የእኛ ነው የመሰለን። ያን ወር ያተረፈው የቤቱ ባለቤትና በር ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ናቸው። በየትኛውም ጥናት ውስጥ ባይገቡም እነሱም የጥቅሙ ተጋሪ ናቸው።

ኳታር በ2022 ነገሩን በሌላ መንገድ ሞከረችው። አገሯ ትንሽ ናት፤ ለመላው ደጋፊ የሚበቃ አልጋ አልነበራትም። ስለዚህ ከዱባይ፣ ከሪያድ፣ ከጅዳ፣ ከሙስካትና ከኩዌት የደርሶ መልስ በረራ ተዘጋጀ። ደጋፊው ዱባይ ያድራል፣ ዶሃ ኳስ ያያል፣ ሌሊት ይመለሳል። ይህ ቸርነት ሳይሆን ችግር የወለደው መላ ነው። ግን ሠራ። ኮምቦልቻ ያርፋል ደሴ ያድራል ያልኩት በሰማይ ላይ ሲሆን ማለት ነው።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን 3 ጊዜ አስተናግዳለች፤ በ1962፣ በ1968 እና በ1976። የ1968ቱ የተካሄደው በአዲስ አበባና በአስመራ ነው። ዛሬ ቢሆን የሁለት ሀገር ዝግጅት ይባል ነበር። የ1976ቱ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነበር። ወሎ አንድም ጨዋታ ደርሶት አያውቅም። በ2015 የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ) ዋንጫ ሲመጣም ከአዲስ አበባ ሌላ ዕድሉ የደረሳቸው ሐዋሳና ባሕር ዳር ናቸው። ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወልዲያ ላይ ዘመናዊ ስታዲየም የተመረቀው ከዚያ በኋላ ነው፣ በ2017።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት አላሟሉም ተባለና ብሔራዊ ቡድኑ “የሜዳውን” ጨዋታ ሰው ሀገር መጫወት ጀመረ። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ደስታው የእኛ፣ የሆቴሉ ሒሳብ የማላዊ። አዘጋጅነት ለጎረቤት ሲተርፍ ይኸውላችሁ፤ ያውም ሳንፈልግ።

የ2027 አፍሪካ ዋንጫ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ ተሰጥቷል። መጠሪያቸው “ፓሞጃ” ነው፤ በስዋሂሊ “በአንድነት” ማለት ነው። ሦስቱ በ2025 የቻን ውድድርን (በየሀገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበትን የአፍሪካ ውድድር) አብረው አስተናግደው ተለማምደዋል። ኢትዮጵያ ለኬንያ ድንበርተኛ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ናይሮቢም፣ ኢንቴቤም፣ ዳሬሰላምም ይበርራል፤ የእኛ ድርሻ በአብዛኛው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ለሞያሌ ግን አሁኑኑ የሚያስብላት ያስፈልጋታል። ኳስ ሊያይ በመኪና የሚወርድ ሰው ኬላው ላይ ግማሽ ቀን ከቆመ ሁለተኛ አይሞክረውም።

ደሴ ላሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የሦስቱም ሀገሮች ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ማርከር ይዞ ሰዓት መደመርና መቀነስ የለም። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛው ነው የሚቆጥረው። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ እሱም “አንድ ሰዓት” ይላል።