ካዋሳኪ የያዘው ልጅ አስፕሪን ሲወስድ ክትትሉ ምን ይመስላል? (ለጎጃም ወላጆች)

ካዋሳኪ ባብዛኛው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የሚይዝ የደም ስር ብግነት ነው፣ ጃፓናዊው የሕፃናት ሐኪም ቶሚሳኩ ካዋሳኪ በ1967 እ.ኤ.አ. ነው ጽፎ ያሳወቀው። ምልክቱ 5 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቆይ ትኩሳት፣ አይናር የሌለው የቀላ ዓይን፣ የተሰነጣጠቀ ከንፈር፣ ሽፍታ፣ ያበጠ እጅና እግር ምናምን ነው። እኛ ጋ ከንፈሩ ሲሰነጣጠቅ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፣ ሽፍታው ሲወጣ ደግሞ ኩፍኝ ነው ይባላል፣ በመሀል ቀኑ ያልፋል። ካልታከሙ ልጆች እስከ 25 ፐርሰንት የሚሆኑት የልባቸው ደም ስር ሊለጠጥ ይችላል፣ አይቪአይጂ የሚባለው በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒት ትኩሳቱ ከጀመረ በ10 ቀን ውስጥ ከተሰጠ ግን ወደ 4 ፐርሰንት አካባቢ ይወርዳል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ትኩሳቱ ለቀቀ ልጁ መጫወት ጀመረ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፣ እንዲያውም ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ከፍ የሚለው በ2ኛውና በ3ኛው ሳምንት ነው፣ አንዳንዴ በአንድ ማይክሮሊትር ደም 1 ሚሊዮን ያልፋል፣ እና እናት "ዳነልኝ" ብላ ደሙ እንዳይረጋ የሚሰጠውን አስፕሪን የምታቆመው ልክ በዚህ ሰዓት ነው፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ዶዙ ትንሽ ነው፣ በቀን በኪሎ ከ3 እስከ 5 ሚሊግራም፣ ማለትም 10 ኪሎ ልጅ የ81 ሚሊግራሟን ኪኒን ግማሽ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ድረስ። ደም ስሩ ከተለጠጠ ግን ይቀጥላል፣ ልጁ ኪሎ ሲጨምር ዶዙም እንደገና ይሰላል።

ክትትሉ ሲቢሲ (ፕላትሌትን ጨምሮ የደም ሴሎች ቆጠራ) እና የልብ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ነው፣ ኢኮው መጀመሪያ ላይ፣ ከሕክምናው ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ፣ ከዚያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ላይ ይታያል። ከሞጣ ወይ ከዳንግላ ለሚመጣ ሰው ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይ ጥበበ ግዮን ተመላልሶ መታየት ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ግን ሲቢሲው ቅርብ ቦታ ይሠራና ኢኮው ብቻ ለቀጠሮው ይቀመጥ ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁት። አስፕሪኑ ይሠራል አይሠራም የሚለካ የፕላትሌት ምርመራም አለ፣ ለሁሉም ልጅ ግን በመደበኛነት አይታዘዝም።

በጣም የሰፋ ደም ስር ያለበት ልጅ ዋርፋሪን የሚባል ሌላ የደም መርጋት መከላከያ ይጨመርለታል፣ አይኤንአሩ (ደሙ ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚለካው ምርመራ) ከ2 እስከ 3 መሀል መሆን አለበት፣ ጎመን ደግሞ የዋርፋሪኑን ሥራ ስለሚቀንስ አንድ ሳምንት በየቀኑ ሌላ ሳምንት ጭራሽ ሳይሆን እኩል እኩል ይብላ።

ቤት ውስጥ ደግሞ የድድ መድማት፣ ነስር፣ ጥቁር ሰገራ ካያችሁ ቶሎ ጤና ጣቢያ። ለትኩሳት አይቡፕሮፌን አትስጡ፣ የአስፕሪኑን ሥራ ያበላሸዋል። ጉድፍ (ቺክንፖክስ) ወይ ኢንፍሉዌንዛ ከያዘው አስፕሪኑ ጉበትና አንጎል ሊጎዳ ስለሚችል በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይነገር፣ አይቪአይጂ የወሰደ ልጅም የኩፍኝ ክትባቱ ብዙ ጊዜ 11 ወር ስለሚዘገይ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ካርዱን አሳዩአት።