«ምንም የማይነካው» ጋዝ፦ ስለ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድን በቪዲዮ አይታችሁት ይሆናል። ሰው ሲስበው ድምፁ ይጎረንናል። ዋና ሥራው ግን በከፍተኛ ቮልቴጅ ሰርኪዩት ብሬከሮች (የኤሌክትሪክ መስመር ማቋረጫዎች) ውስጥ ነው፤ ኤሌክትሪክ እንዳይዘል ይከላከላል። አንድ የድኝ (ሰልፈር) አቶም በስድስት ፍሎሪኖች ተከቦ ማለት ነው። ኬሚስቶች ትራንዚሽን ሜታል በሚባሉት ብረቶች ኮምፕሌክስ (ብረቱ መሃል ሆኖ ሌሎች ሞለኪውሎች የተያያዙበት ውህድ) ሊፈቱትና ፍሎሪኑን ለሌላ ሞለኪውል መሥሪያ ሊያውሉት ይሞክራሉ። በዚህ ዙሪያ ብዙ ስህተት ይወራል።

«ከምንም ጋር ስለማይዋሃድ ልፋቱ ከንቱ ነው»

ፈረንሳዮቹ ሞይሳንና ለቦ እ.ኤ.አ. በ1901 ካገኙት ጀምሮ ስሙ ይሄው ነው። ነገር ግን በኃይል ስሌት ከሄድን፣ ጋዙ ውሃ ሲያገኝ ፈርሶ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ መስጠት ነበረበት። መንገዱ ቁልቁለት ነው። የማይወርደው ስድስቱ ፍሎሪኖች ድኙን እንደ አጥር ስለከበቡት ነው፤ አጥቂው መግቢያ ያጣል። ኤሌክትሮን ግን አጥር አይበግረውም። አንድ ሲጨመርለት ሞለኪውሉ ይላላል፣ ፍሎሪን ይለቃል። በፈሳሽ አሞኒያ የሟሟ ሶዲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳ ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች የቲታኒየምና የዚርኮኒየም ኮምፕሌክሶች ከዚህ «ሰነፍ» ጋዝ ፍሎሪን እንደሚወስዱ አሳይተዋል።

«ትስስሩ ከተበጠሰ ሥራው አለቀ»

እኔን ከጠየቃችሁኝ ዋናው ራስ ምታት የሚጀምረው እዚህ ነው። ፍሎሪን ብረት ላይ ሙጭጭ ይላል፤ ቲታኒየምና ዚርኮኒየም አንዴ ከያዙት መልቀቅ የለም። ድኙም ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ብረቱ አንድ ጊዜ ሠርቶ ይቀራል። ይህ ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) አይባልም፤ ካታሊስት ተመልሶ መሥራት አለበት። መላው ተቀባይ ማዘጋጀት ነው፦ ሲላን የተባለ የሲሊከን ውህድ ፍሎሪኑን፣ ፎስፊን የተባለ የፎስፈረስ ውህድ ድኙን ይረከባል። በበርሊን ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ የቶማስ ብራውን ቡድን በሮዲየም ኮምፕሌክስ፣ ያለ ከባድ ሙቀት፣ ጋዙን በካታሊስት መንገድ አፍርሷል።

ታዲያ ማፍረስና መጠቀም አንድ አይደሉም። ፍሎሪኑ ሲላን ላይ ከሰፈረ፣ ልንሠራው ያሰብነው ሞለኪውል ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው።

«ብረቱ የግድ ፍሎሪኑን መንጠቅ አለበት»

የለበትም። ኤሌክትሮን ማቀበል ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኢሪዲየም ያለበት ካታሊስትና ብርሃን ተጠቅመው፣ በዚህ ጋዝ የአንዳንድ አልኮሆሎችን ኦክስጅን በፍሎሪን ተክተዋል። እኔ በጣም የወደድኩት ይህን ነው፤ ፍሎሪኑ በቀጥታ ሥራ ላይ ዋለ።

«መርዝ ስላልሆነ አይጎዳም»

ንጹሑ ጋዝ መርዝ አይደለም፣ እውነት ነው። ግን ከአየር 5 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ በጠባብ ክፍል ከታች ተኝቶ አየሩን ይገፋና ያፍናል። የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲያገኘው ደግሞ መርዛማ ነገሮች ይወጡታል። ከነዚህ አንዱ የአክስቱ ልጅ ሰልፈር ቴትራፍሎራይድ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይሰጣል። ሁለቱን ማምታታት አደጋ ነው።

«እንግዲህ የአየር ንብረቱ ጣጣ ተፈታ»

ቀስ! ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ23,000 እጥፍ በላይ ሙቀት ያምቃል። በላብራቶሪ ብልቃጥ የሚፈታው ግን ኢምንት ነው። ጥቅሙ ከአሮጌ ብሬከር ለተሰበሰበ ጋዝ ሊሆን ይችላል። አንዴ አየር ላይ ከተበተነ በኋላ ግን የትኛውም የሮዲየም ኮምፕሌክስ አይደርስበትም።