ቫኪዩም ምንድን ነው? የተጠባ ክዳን የማይነግረን ነገር

«ክዳኑ ከተጠባ ቫኪዩም ሆኗል፤ ቫኪዩም ከሆነ አየር የለም፤ አየር ከሌለ አይበላሽም።» ይህን አባባል በየዓመቱ ነሐሴና መስከረም ላይ እሰማዋለሁ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጓሮ የሚያለሙ ወገኖቻችን ቲማቲሙ፣ ቃሪያውና ፎሶሊያው ከሚበሉት በላይ ሲደርስላቸው ጠርሙስ መደርደር ይጀምራሉ። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ የፎሶሊያ ጠርሙሶቹን ፎቶ አሳይቶ «በፈላ ውሃ ቀቅዬ አሸግኋቸው፤ ክዳኑ ጠቅ ብሎ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ያለ ማቀዝቀዣ ሁለት ዓመት ይቆያሉ» ሲል ጻፈ። ብዙ ሰውም አመሰገነው። ሥራዬ የምግብ ማይክሮባዮሎጂ ነውና ይህን አይቶ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጠርሙሱ ሲፈላ ከክዳኑ ሥር ያለው አየር ይለጠጥና በእንፋሎት እየተገፋ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ይመለሳል፤ የለቀቀው ቦታ ባዶ ስለሚሆን የውጭው አየር ክዳኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ቫኪዩም ይኸው ነው። የፈላ ስልስ ጠርሙስ ውስጥ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ ጠረጴዛ ላይ ብትተዉትም ይጠባል። የተጠባ ክዳን የሚመሰክረው ጠርሙሱ ሞቆ መቀዝቀዙንና አየር አለማስገባቱን ብቻ ነው። ምን ያህል እንደሞቀ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሞቀ፣ ሙቀቱ መሀል ላይ ካለው ፍሬ መድረስ አለመድረሱን አይናገርም።

ነገሩን በሌባ ላስረዳ። በር ግጥም አድርጎ መቆለፍ ውጭ ላለ ሌባ መልካም ነው። ሌባው አስቀድሞ ገብቶ አልጋ ሥር ተኝቶ ከሆነ ግን ቁልፉ የሚጠብቀው እሱን ነው። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ መኖሪያው አፈር ነው። ከጓሮ የተለቀመ ፎሶሊያ፣ የተነቀለ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ድንች የዚህን ባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ የተኛውን ዘሩን፣ ይዞ ሊገባ ይችላል። ማጠብ ቁጥሩን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሰዓታት ቢቀቀልም ሊተርፍ ይችላል። ይህ ሌባ ደግሞ አየር ባለበት ቤት አይንቀሳቀስም። ጎረቤቶችም አሉት፤ ምግቡን አስቀድመው አምጥጠው፣ አሽትተውና አሻግተው የሚያስጮኹት ሻጋታዎችና ተራ ባክቴሪያዎች ናቸው። የፈላው ውሃ ጎረቤቶቹን ይገድላቸዋል፤ ቫኪዩሙ አየሩን ያስወጣል፤ ጠርሙሱም ሞቅ ያለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሌባው ሲነቃ የሚጮህበት የለም፤ ሲሳዩ ሁሉ ለእሱ ቀርቷል፤ በሩም ከውጭ ተቆልፏል። ለዚህ ባክቴሪያ ቫኪዩም ምቾቱ ነው።

ስፖሩን ራሱን ጤነኛ አዋቂ ሰው ከአትክልት ጋር ቢውጠው አይጎዳውም። የሚጎዳው ስፖሩ ነቅቶ ሲራባ የሚያመነጨው መርዝ ነው። (ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ይህ አይሠራም። ስፖሩ አንጀታቸው ውስጥ ሊያድግ ስለሚችል ማር በጣት ጫፍ እንኳ አይቅመሱ። ከርዕሴ ውጭ ነው፤ ሳልናገረው ግን አላልፍም።) መርዙ ነርቭን ይይዛል፤ የዐይን ሽፋን ይወድቃል፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ አንደበት ይተሳሰራል፤ መዋጥ ይከብዳል፤ ሲብስም መተንፈሻ ጡንቻን ያዝለዋል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ የመርዙ ማርከሻ የሚጠቅመው ቶሎ ሲሰጥ ነው። መርዙ ያለበት ምግብ ሽታውም መልኩም ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ክዳኑም ሳያብጥ ሊቀር ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ኦሃዮ ውስጥ ላንካስተር በምትባል ከተማ የቤተ ክርስቲያን ምእመናን በጋራ ማዕድ ከበሉ በኋላ 29 ሰዎች በዚህ መርዝ ታመሙ፤ አንድ ሰውም ሞተ። ምክንያቱ የድንች ሰላጣ ነበር። ድንቹ ቤት ውስጥ የታሸገ ሲሆን የታሸገውም እንፋሎቱን አፍኖ ከፈላ ውሃ በላይ በሚያሞቅ የግፊት ድስት ሳይሆን በፈላ ውሃ ነበር። ሁለት ዓመት ይቆያል የሚለውን አስተያየት ያመሰገኑ ሁሉ ይህን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ፤ ፎሶሊያም በዚህ በኩል ከድንች አይለይም።

በፈላ ውሃ ብቻ የሚታሸግ ነገርስ የለም? አለ፤ እዚያ የሚጠብቀን ግን አሲዱ ነው። ፒኤች የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። ፒኤች 4.6 ወይም ከዚያ በታች በሆነ ምግብ ውስጥ ስፖሩ አይነቃም፤ ሌባው ተኝቶ ይኖራል። በበቂ ኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቃሪያና የአብዛኛው ፍራፍሬ ማርማላታ ከዚህ ወገን ናቸው። ቲማቲም ድንበሩ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ እንደ ዝርያውና እንደ ብስለቱ አንዱ ከመስመሩ በታች ሲሆን ሌላው በላይ ይሆናል። ስለዚህ ግማሽ ሊትር ገደማ በሚይዝ ጠርሙስ 1፣ ሊትር ገደማ በሚይዝ ደግሞ 2 የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ይጨመራል። የታሸገው የተመረጠው የአሲዱ መጠን የታወቀ ስለሆነ ነው፤ ከጓሮ የተቆረጠ ሎሚ አንዱ ከሌላው ይለያያል። ምላስ ይህን አይለካም፤ ስኳር ሲጨመር ጣዕሙ ይለዝባል እንጂ ፒኤቹ አይነቃነቅም። ለቀማው ላይም ጥንቃቄ አለ፤ ውርጭ መትቶት ከሞተ ተክል የተለቀመ ቲማቲም አሲዱ ስለሚቀንስ ለማሸግ አይሆንም። ላዩ የሻገተ የታሸገ ቲማቲምም ሻጋታው ተገፍፎ አይበላም፤ ሻጋታ አሲዱን እየበላ ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋልና።

ቲማቲም ላይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ዘይት ሲገባበት ደግሞ ስልስ ሆኗል፤ የቲማቲም ሕግ አይሠራለትም።

አሲድ ለሌላቸው ለፎሶሊያ፣ ለካሮት፣ ለጎመንና ለድንች ስፖሩን መግደል ግድ ነው። የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካዎች መነሻቸው 121 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ ያህል ነው። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ወደ ወጥ ቤት አትሂዱ፤ የተነገረው ጠርሙሱ ውስጥ መጨረሻ ላይ ለሚሞቀው ነጥብ እንጂ ለድስቱ አይደለም። ለዚህ ነው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር መመሪያ ለግማሽ ሊትር ፎሶሊያ በግፊት 20 ደቂቃ የሚያዘው። ያውም ለጠርሙስ ማሸጊያ በተሠራ የግፊት ድስት ነው። ሥጋ የምንቀቅልበት ትንሹ ፕሬዠር ድስት ቶሎ ሞቆ ቶሎ ስለሚበርድ ደቂቃው ለእሱ አልተለካም።

ከፍታ ሲጨመርበት ጉዳዩ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃዋ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የተጻፈ ደቂቃ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ሥራ አይሠራም። የግፊት ድስቱም ባሕር ወለል አካባቢ በሰዓት መሰሉ የግፊት መለኪያ 11 ፓውንድ ከበቃው አዲስ አበባ ላይ 14 ያስፈልገዋል። ክዳኑ ግን እዚያም እዚህም ጠቅ ይላል።

«እናቶቻችን ማቀዝቀዣ ሳይኖራቸው ያቆዩ አልነበረም ወይ?» የሚለው ክርክር ሳይነሳ አይቀርም። ያቆዩ ነበር፤ ያቆዩት ግን በማድረቅ ነው። በርበሬው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ቋንጣው ተዘልዝሎ፣ ሽሮው ተፈጭቶ ነው። ውሃ በሌለበት ይህ ባክቴሪያ አይራባም። እርጥብ ፎሶሊያ አየር ከሌለው ጠርሙስ ከትተው መደርደሪያ ላይ አላቆዩም፤ በእነሱ ልምድ ይህን ማጽደቅ አይቻልም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቆጭቆጫ ነው። አረንጓዴ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅጠላ ቅጠል ተፈጭቶ፣ ዘይት ላዩ ላይ ፈስሶ «አየር እንዳይነካው» ተብሎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። አሲዱ አነስተኛ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱ ከአፈር የወጣ ነው፤ ዘይቱም ያለ ክዳን የቫኪዩሙን ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር ብዙ ሰው የታመመው ከማቀዝቀዣ ውጭ በተቀመጠ፣ ዘይት ውስጥ ባለ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ነበር። ቆጭቆጫችሁን ለጥቂት ቀን ብቻ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩ፤ የተረፈውን በትንንሹ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ፍሪጅም ቢሆን መርዙን ለዘለዓለም አያስቆምም፤ ከዚህ ባክቴሪያ ዝርያዎች መካከል በ3 ዲግሪ የሚያድጉ አሉ።

አሁን መደርደሪያችሁ ላይ በፈላ ውሃ ብቻ የታሸገ ፎሶሊያ ወይም ጎመን ካለ ለማረጋገጥ ብላችሁ አትቅመሱት፤ ሰውም እንስሳም በማይደርስበት አስወግዱት። ለቀጣዩ ምርት የግፊት ማሸጊያ ድስት ከሌላችሁ ፍሪዘር ይበቃል። ፎሶሊያውንና የተከተፈውን ጎመን ለ3 ደቂቃ ፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩ፤ አዲስ አበባ ላይ 4 ደቂቃ አድርጉት። ወዲያው በበረዶ ውሃ አብርዱት፤ ውሃውን አጠንፍፋችሁ በከረጢት አስገቡት። ቃሪያና ቲማቲም ይህም አያስፈልጋቸውም፤ ታጥበው ጥሬውን ይገባሉ።