ቅድመ ክፍያ ስልክ ምንድን ነው? ለታዳጊ ልጅስ ከኮንትራት ይሻላል?

ልጅ «ስልክ ይገዛልኝ» እያለ ሲጨቀጭቅ ከርሞ፣ ወላጅ በመጨረሻ «እሺ» ይላል። ከዚያ የትኛው ስልክ፣ ስንት ጂቢ፣ ካሜራው እንዴት ነው እየተባለ ለሳምንታት ይወራል። ክፍያው በምን ይሁን የሚለው ግን ሱቅ ውስጥ፣ ሻጩ ፎርም እየሞላ፣ በሁለት ደቂቃ ይወሰናል። በኔ እምነት ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ የሚያመጣው ግን የስልኩ ዓይነት ሳይሆን ይሄኛው ነው።

ቅድመ ክፍያ ማለት መጀመሪያ ከፍሎ በኋላ መጠቀም ነው። ካርድ ወይም ጥቅል ይሞላል፣ ገንዘቡ በቁጥሩ ላይ ይቀመጣል። በተደወለ፣ መልእክት በተላከና ኢንተርኔት በተከፈተ ቁጥር ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ካለቀ አለቀ። ኮንትራት፣ ድህረ ክፍያም ይባላል፣ በተቃራኒው ነው። ወሩን ሙሉ ይጠቀሙና ቢል ይመጣል። ወርሃዊው መነሻ ክፍያ ቀድሞ የሚጠየቅበት ቦታ አለ፤ ከጥቅሉ በላይ የተጠቀሙት ግን የሚመጣው በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ስልኩ ራሱ ኮንትራቱ ውስጥ ይገባና ዋጋው በ24 ወይም በ36 ወር ተከፋፍሎ ይከፈላል።

ከጀርባ ያለውን አሠራር ማወቅ ለምርጫው ይረዳል። በቅድመ ክፍያ ልጁ ሲደውል፣ ጥሪው ከመገናኘቱ በፊት ኔትወርኩ ሂሳቡን ያያል። ገንዘብ ካለ ትንሽ ትንሽ እየቆረጠ ይፈቅዳል። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። የተወሰነ ሜጋባይት ይለቀቃል፣ እሱ ሲያልቅ ሂሳቡ እንደገና ይታያል። ይህ ሁሉ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በኮንትራት ግን ኔትወርኩ የተጠቀሙትን እየመዘገበ ይሄዳል፣ ሂሳቡ ኋላ ይሠራል። ሂሳብን እዚያው በዚያው የሚቆጣጠር ሲስተም በሰፊው የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ነው። ፖርቱጋል ውስጥ ቲኤምኤን የተባለው ኩባንያ በ1995 ያወጣው አገልግሎት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የባንክ ሂሳብም ሆነ ቋሚ ደመወዝ የሌለው፣ ውል መፈረም የማይችለው ሰው ሁሉ ስልክ መያዝ ቻለ። ታዳጊዎችም የገቡት በዚሁ በር ነው።

ሰው ሁለቱን ሲያወዳድር መጀመሪያ «የቱ ይረክሳል?» ይላል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ጥቅሉ ያለቀ ዕለት ምን ይፈጠራል? በቅድመ ክፍያ ስልኩ ዝም ይላል። መጀመሪያ የሚያውቀው ልጁ ነው፤ የሚቸገረውም እሱ ነው። በኮንትራት ስልኩ ብዙ ጊዜ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል። ልጁ አላወቀም፣ ወላጅም አላወቀም። ቢሉ ሲመጣ ግን ዱብ ዕዳ ነው።

«ልጄ ጨዋ ነው፣ አያባክንም» የሚል ወላጅ ይኖራል። እውነቱን ነው፣ ግን ዳታ የሚያልቀው በማባከን ብቻ አይደለም። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በመካከለኛ ጥራት ሲታይ 0.7 ጂቢ ገደማ ይበላል። በኤችዲ ከሆነ እስከ 3 ጂቢ ይደርሳል። ስለዚህ 5 ጂቢ ጥቅል በመካከለኛ ጥራት ሰባት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በኤችዲ ግን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ልጁ ያየው ያንኑ ቪዲዮ ነው። ልዩነቱ አንዲት ሴቲንግ ናት፤ እሷንም አብዛኛው ልጅ ከፍቶ አይቷት አያውቅም።

ሌላም አለ። አይፎን ላይ ዋይፋይ አሲስት የሚባል ነገር ሳይነካ እንደበራ ይመጣል። ዋይፋዩ ሲደክም ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ ይሻገራል። ልጁ ራውተሩ የሚደክምበት ጥግ ላይ ተኝቶ ያያል፣ «ዋይፋይ ላይ ነኝ» ብሎም በሙሉ ልቡ ይምላል። ቢሉ ሌላ ይናገራል። ወይም ለጓደኛው ሆትስፖት ይከፍትለታል። የጓደኛው ላፕቶፕ መደበኛ ዋይፋይ ያገኘ መስሎት ከሰነበተበት አፕዴት ጀምሮ ማውረድ ይጀምራል። ሁለቱ ልጆች የቤት ሥራ ነበር የሚሠሩት።

ከዳታ ውጭም ክፍያ የሚመጣበት መንገድ ብዙ ነው። አንዳንድ ጌምና አፕ ግዢውን ስልክ ቢል ላይ ለማሳረፍ ያስችላል። አንድ ጊዜ «እሺ» የተባለ የአጭር ቁጥር አገልግሎት በየሳምንቱ ይቆርጣል። ከማይታወቅ የውጭ ቁጥር አንዴ ጠርቶ የሚዘጋ ሚስድ ኮል አለ፤ መልሶ የደወለ ሰው ውድ መስመር ላይ ይገባል። ቅድመ ክፍያ ከነዚህ አያድንም። ግን የሚጠፋው የተሞላው ብቻ ነው። «ካርድ በሞላሁ ቁጥር ይቀነሳል» የሚል ልጅ ካላችሁ፣ ሳያውቀው የተመዘገበበት አገልግሎት መኖሩን መጠርጠር ነው። ያ ቀን ልጁን ሳይሆን የአገልግሎቱን ዝርዝር መፈተሽ ይሻላል።

የኮንትራት ኩባንያዎችም ይህን ችግር ያውቁታል። በአንዳንድ አገሮች ሕግ ጭምር ገብቶበታል። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ ከጥቅምት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ ኮንትራት የሚገባ ደንበኛ የቢል ጣሪያ እንዲያስቀምጥ ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ስለዚህ ሱቅ ገብታችሁ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው፦ ጣሪያ ማስቀመጥ ይቻላል? ሻጩ «አዎ» ካለ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ይበልጣል። ጣሪያው ከአገር ውጭ የተጠቀሙትን፣ የአጭር ቁጥር አገልግሎትንና የአፕ ግዢን ይይዛል ወይስ ዳታና ጥሪን ብቻ? «ጥቅሉ ሲያልቅ የማስጠንቀቂያ መልእክት እንልካለን» የሚል መልስ ጣሪያ አይደለም። መልእክቱ የሚሄደው ልጁ ስልክ ላይ ነው፣ ልጁም ማስታወቂያ መስሎት ያጠፋዋል።

አሁን ወደ ስልኩ ዋጋ። ኮንትራት የሚያማልለው በዚህ ነው። ዛሬ ትንሽ ከፍሎ አዲስ ስልክ ይዞ መውጣት ማን ይጠላል? ግን አንድ የመደመር ሥራ መሥራት ያስፈልጋል። ገንዘቡ በምንም ይቆጠር፣ ስልክ ያለው ኮንትራት በወር 500 ከሆነ በ24 ወር 12,000 ይሆናል። ያንኑ ደቂቃና ዳታ ያለ ስልክ በወር 200 ማግኘት ከቻላችሁ 4,800 ነው። ስለዚህ ለስልኩ የከፈላችሁት 7,200 ነው ማለት ነው። ያ ስልክ ሱቅ ላይ 6,000 የሚሸጥ ከሆነ፣ 1,200ው በዱቤ በመውሰዳችሁ የመጣ ነው። አንዳንዴ ልዩነቱ ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ኮንትራቱ የሚረክስበት ጊዜ አለ። ሳይደምሩ ግን አይታወቅም። 24 ወሩ ካለቀ በኋላም ያንኑ 500 መቁረጡን የሚቀጥል ውል ስላለ፣ የሚያልቅበትን ቀን ካላንደር ላይ መጻፍ አይከፋም።

ስልኩ የሚይዘው ታዳጊ መሆኑ ሌላ ነገር ይጨምራል። የልጅ ስልክ ይወድቃል። ታክሲ ላይ ይረሳል፣ ኪስ ውስጥ ሆኖ ይታጠባል። በስድስተኛው ወር ከጠፋ የቀረው 18 ወር ክፍያ አይጠፋም። መድን ቢኖርም ከራስ የሚዋጣ ድርሻ አለው፤ መጥፋትን የማይሸፍን መድንም ሞልቷል። በዚህ የተነሳ ለመጀመሪያ ስልክ የማምንበት መንገድ ይሄ ነው። ሳይደላና ሳይከፋ ያለ ስልክ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ በእጅ በእጅ ገዝቶ ሲም ካርዱን ለብቻው ማውጣት። ልጁ «ሁሉም ጓደኞቼ አዲስ ነው የያዙት» ይላል። ይበል።

የፈራሚውም ጉዳይ አለ። በብዙ አገሮች ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የኮንትራት ውል በራሱ መፈረም አይችልም፤ ኩባንያዎቹም አይቀበሉትም። ስለዚህ «የልጁ ኮንትራት» የሚባለው በወረቀት ላይ የወላጅ ነው። ብድር ያለፈ ታሪክ እየታየ በሚሰጥበት አገር፣ ያልተከፈለ የስልክ ቢል ስሙን የሚያበላሸው የፈረመውን ነው። ቤት ልግዛ ብሎ ባንክ ሲሄድ የሚወጣው የልጁ ስም አይሆንም።

እንዲህ ስል ቅድመ ክፍያን ያለ እንከን እንዳላስመስለው። እንከኑ ሞልቷል።

የመጀመሪያው ትንንሽ ጥቅል ውድ መሆኑ ነው። የቀን ጥቅል በጂቢ ሲሰላ ብዙ ጊዜ ከወር ጥቅል ይበልጣል። ልጅ ደግሞ በእጁ ያለው ሳንቲም ስለሆነ በየቀኑ የቀን ጥቅል ይገዛል፣ በወሩ መጨረሻ ሲደመር ከኮንትራት በላይ ሆኖ ይገኛል። ጥቅል አልቆ በዋናው ሂሳብ ላይ ኢንተርኔት ሲከፈት ደግሞ ዋጋው ከጥቅሉ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የተሞላው ካርድ ዐሥር ደቂቃ ሳይቆይ ይጠፋል። መድኃኒቱ ወላጅ የወሩን ጥቅል በአንድ ቀን መሙላቱ፣ ከዚያ በላይ የፈለገ ከኪሱ እንዲሞላ መተው ነው። «ካርድ ሙሉልኝ» የሚለው የማታ ማታ ልመናም በዚሁ ይቀንሳል። የካርድ ብድር የሚባለው አገልግሎት ካለ ለልጁ ማስረዳት ይገባል። የተበደረው ከነአገልግሎት ክፍያው ቀጥሎ ከሚሞላው ካርድ ላይ ይቆረጣል፤ ልጁም ካርዱ የት ገባ ብሎ ይደነግጣል።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ቅድመ ክፍያ ቁጥር ለተወሰነ ጊዜ ካልተሞላ ወይም ካልተጠቀሙበት ይዘጋል። ከዚያ ለሌላ ሰው ይሸጣል። የልጁ የኢሜይል፣ የቴሌግራም፣ የትምህርት ቤት አካውንት ሁሉ በዚያ ቁጥር የተከፈተ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው ለአዲሱ ባለቤት ነው። የክረምት ዕረፍት መጥቶ ልጁ ዋይፋይ ብቻ እየተጠቀመ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ስንት ቀን ሥራ ከፈታ እንደሚዘጋ አስቀድሞ መጠየቅ ነው፣ ትንሽ ካርድም እየሞሉ ማቆየት።

ሦስተኛው ወላጆችን በእውነት የሚያስጨንቀው ነው። ልጁ መሽቶበት ካርድ ቢያልቅበትስ? ፍርሃቱ ልክ ነው፣ ግን የሚታሰበውን ያህል አይደለም። በአብዛኛው አገር ሂሳብ ባይኖርም ጥሪ መቀበል ይቻላል። የአደጋ ጊዜ ቁጥሮችም ያለ ሂሳብ ይሠራሉ። 112 በጂኤስኤም (በብዙ አገር የሚሠራበት የሞባይል ኔትወርክ ዓይነት ነው) ስልኮች ላይ የተለመደው የአደጋ ቁጥር ነው፤ ብዙ ቦታም ካርድ የሌለው ስልክ ይጠራዋል። «ደውሉልኝ» የሚል ነፃ መልእክት መላክ የሚያስችሉ ኩባንያዎችም አሉ። ልጁ ግን ይህን በቃሉ ማወቅ አለበት። አንድ ቀን ሂሳቡን ዜሮ አድርጎ አብሮ መሞከር ከሁሉ ይሻላል (የአደጋውን ቁጥር ሳይሆን የ«ደውሉልኝ»ውን ማለቴ ነው)።

እንግዲህ የኔ ምርጫ ይህን ይመስላል። ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት አካባቢ ላለ፣ ስልክ ይዞ ለማያውቅ ልጅ ቅድመ ክፍያ። ብዙ ማሰብ የሚፈልግ አይመስለኝም። ዐሥራ ስድስት አልፎ የራሱን ወጪ ማወቅ ለጀመረ ደግሞ ስልክ የሌለበት፣ በየወሩ ሊቋረጥ የሚችል፣ ጣሪያ ያለው ኮንትራት ጥሩ ነው። ስልክ ያለበትን የ24 ወር ውል ለታዳጊ የምመክርበት ምክንያት አላገኘሁም።

ወደ ኮንትራት ከመሻገር በፊት ልጁ በወር ስንት ጂቢ እንደሚጠቀም ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ሦስት ወር ቅድመ ክፍያ ላይ ሲቆይ ስልኩ ራሱ ይነግራችኋል። አንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የዳታ አጠቃቀሙን በወር ተከፍሎ፣ በየአፑ ተዘርዝሮ ታገኙታላችሁ። እዚያው ገደብም ማስቀመጥ ይቻላል። አይፎን ላይ ቁጥሩ በየወሩ በራሱ ወደ ዜሮ አይመለስም። ስልኩ ከተገዛ ጀምሮ ያለውን ደምሮ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ወሩ ሲጀምር በእጅ ማጥፋት ነው። ይህን ሳያውቁ «ልጄ 80 ጂቢ ይጠቀማል» ብለው ትልቁን ኮንትራት የሚገቡ አሉ።

በመጨረሻ ሲሙ በማን ስም ይውጣ የሚለው። ቅድመ ክፍያም ቢሆን በብዙ አገር በመታወቂያ ስለሚመዘገብ፣ ልጁ 18 እስኪሞላው በወላጅ ስም መሆኑ አይቀርም። 18 ሲሞላው ግን ቁጥሩን በስሙ ማዛወር ነው። ካልተዛወረ ልጁ ለትምህርት ርቆ ሄዶ ሲሙ ሲጠፋበት፣ ምትክ ለማውጣት መታወቂያ ይዞ መቅረብ ያለበት ወላጁ ነው።