ኪሳተን ምንድን ነው? የእንጨት ባንኮኒ ያለው ካፌ ሁሉ አይደለም

ኪሳተን የጃፓኖች የድሮ ዓይነት ካፌ ነው። አዲስ የተከፈተ ካፌ ሁሉ ኪሳተን ሲባል ዝም ብዬ ከርሜያለሁ። ሰሞኑን ግን አንዱ አስተያየት ሰጪ «የጃፓኖች የቡና ሥነ ሥርዓት» ብሎት አረፈ። ኧረ በዛ!

ወንድሜ፣ ሥነ ሥርዓት አይደለም፤ ንግድ ነው። የአንድ ስኒ ሂሳብ ትከፍላለህ፣ ወንበሩ በዚያው ያንተ ነው። ናጎያ ውስጥ ጠዋት ቡና ስታዝ ቶስትና እንቁላል በቡናው ዋጋ ይመጣልሃል። ቶኪዮ ሺቡያ ያለው ላዮን የሚባል ኪሳተን በ1926 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው። ክላሲካል ሙዚቃ ያሰማል፣ ወንበሮቹ ወደ ግዙፉ ስፒከር ዞረዋል፣ ወሬ ክልክል ነው። እንግዲህ ከሁለቱ የቱ ነው ሥነ ሥርዓቱ?

ይልቅ የሰፈርህን የድሮ ፀጉር ቤት አስብ። ባለቤቱ ራሱ ይቆርጣል። አይቸኩልም፣ አታስቸኩለውም። ወንበሩም መስተዋቱም ደንበኛውም አብረውት አርጅተዋል። መቀሱን የሚረከብ ከሌለ፣ እሱ ሲደክም በሩ ይዘጋል። ብዙ ኪሳተን እንዲህ ነው የሚያልቀው። ቶኪዮ ጊንዛ ላይ ካፌ ደ ላምብር የሚባለውን ኪሳተን በ1948 የከፈቱት ኢቺሮ ሴኪጉቺ ግን መቶ ዓመት ካለፋቸው በኋላም ቡና ይቆሉ ነበር፤ በ2018 በ103 ዓመታቸው ሲያርፉ ቤቱ ተተኪ አላጣም። ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ይከዳኛል፦ ፀጉሩን የተቆረጠ ሰው ተነስቶ ይሄዳል። እዚህ ግን ስኒው ባዶ ከሆነ በኋላም መቀመጥ ነው።

ላምብር ለዓመታት ያቆዩትን ቡና በማቅረብ ይታወቃል። ቀማሽ ነኝና ይህን ሳልል አላልፍም፦ ያ ተመርጦ፣ ታስቦበት የሚቆይ ጥሬ ቡና ነው። መጋዘን ተረስቶ ጆንያ ጆንያ የሚለውን «ያረጀ ቡና» ብለህ እንዳትሸጥልኝ። የሚያጠሉት በጨርቅ ነው፤ ውሃውን በጣም በቀጭኑ፣ ቀስ ብለው ያፈሳሉ። ጨርቁ ታጥቦ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አይሰጣም። ከደረቀ የቀረበት የቡና ዘይት ይበላሽና የሚቀጥለውን ስኒ ያጠፋዋል። ሜኑው ላይ «ሞካ» ካየህ ቸኮሌት አትጠብቅ፤ ብዙ ጊዜ የኛ ወይም የየመን ቡና ነው። አቆላሉ ግን ጠቆር ይላል፣ የይርጋጨፌን የአበባ ሽታ ፈልገህ ከሆነ ታዝናለህ።

«ታዲያ ስፓጌቲ የሚሸጠውስ ኪሳተን ነው?» ትለኝ ይሆናል። እስከ 2021 ድረስ የኪሳተን ፈቃድ ብቻ የያዘ ቤት አልኮል መሸጥም ሆነ ደህና ምግብ ማብሰል አይችልም ነበር። ስፓጌቲ ይሸጡ የነበሩት የምግብ ቤት ፈቃድ አውጥተው ነው። አሁን ሁለቱ ፈቃዶች ተዋህደዋል፣ ስለዚህ በወረቀት መለየት ቀርቷል።

ልትሄድ ካሰብክ ጥሬ ገንዘብ ያዝ፣ ላፕቶፕህን ተወው። ጭስ ካስቸገረህ ደግሞ በሩ ላይ ያለውን ምልክት እይ። በ2020 የጸናው የማጨስ ሕግ ለትናንሽ ነባር ቤቶች ቀዳዳ ትቷል፣ ኪሳተን ደግሞ አብዛኛው ትንሽም ነባርም ነው።