የወንዝ ጤና ምዘና ምንድን ነው?

የተጎዳ ወንዝ ለመጠገን ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ከመደርደርና ችግኝ ከመትከል በፊት፣ ውሃው፣ ወለሉና ዳርቻው ዓሣ ማኖር መቻላቸውን መርምሮ፣ ካልቻሉም የጎደለውን ለይቶ ማወቅ ነው። ክብደቱ ያለው የጎደለውን በመለየቱ ላይ ነው። ፍሳሽ የሚለቀቅበትን ወንዝ ዳሩን በችግኝ ቢሞሉት ዓሣው አይመለስም።

ሁሉም ወንዝ ግን በዚህ ዓይን አይታይም። ድሬዳዋን የሚከፍለው ደቻቱ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ነው፤ በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደግሞ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። እዚያ የሚጠናው የጎርፉ መንገድና የላይኛው ተፋሰስ ነው እንጂ የዓሣ መኖሪያ አይደለም። ከሐረር በስተምሥራቅ ወደ ዋቢ ሸበሌ የሚወርደው ኤረር ግን ለዚህ ምዘና ይሆናል (ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ ፍል ውሃ ካለበት ኤረር ጋር እንዳይምታታ)።

ጊዜው በጋ ነው፤ ጥርና የካቲት። ጎርፍ ወለሉ ላይ የሚኖሩትን ነፍሳት ጠርጎ ስለሚወስድ ከጎርፍ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። የሚለካው ርዝመት የውሃው ስፋት 20 እጥፍ ይሁን፤ 5 ሜትር ለሚሰፋ 100 ሜትር ማለት ነው። ከተጎዳው ቦታ ወደ ላይኛው በኩል ያለ ደህና ክፍልም ለማነጻጸሪያ አብሮ ይለካል።

የውሃውን ፍጥነት ለማወቅ ውሃው ላይ የሚጣል ብርቱካን ይበቃል። 10 ሜትር በ20 ሰከንድ ከሄደ በሰከንድ 0.5 ሜትር ነው፤ ላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን በ0.85 ይባዛል።

ወለሉ ላይ መቸኮል አይገባም። ከዳር እስከ ዳር እየተራመዱ፣ ሳያዩ ጣት መጀመሪያ የነካውን ድንጋይ እያነሱ መጠኑን መለካት፣ እስከ 100 ድረስ። አይቶ የሚያነሳ ሰው ትልልቁን ይመርጣልና ውጤቱ ይዛባል። ድንጋዩ ሲነሳ ግማሹ በደለል ተቀብሮ ከነበረ ምልክቱ ይታያል። ቢልጫ የተባለው ዓሣ የሚራባው ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው፤ ክፍተቱ በደለል ከተደፈነ እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል።

ኦክስጅን በቀትር ከተለካ አልጌው ስለሚያመርት ቁጥሩ ያታልላል። ዝቅተኛው የሚገኘው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ያኔ በሊትር ከ5 ሚሊግራም ከወረደ ብዙው ዓሣ ይቸገራል።

ከመሣሪያው ይልቅ ብዙ የሚናገሩት ነፍሳቱ ናቸው። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ መረብ ውሃው በሚወርድበት በኩል ይዞ ወለሉን በእግር ማመስ፣ ከዚያ የተያዘውን ነጭ ሳፋ ላይ መገልበጥ። ንጹሕ ውሃ የሚፈልጉት የሜይፍላይና የካዲስፍላይ (ሲያድጉ የሚበሩ ነፍሳት) እጭ ካለ ደግ ነው። ቀያይ ትል መሰል እጮች ብቻ ከሞሉበት ፍሳሽ ይገባል ማለት ነው። ውሃው ጥርት ብሎ፣ ኦክስጅኑም በቂ ሆኖ ሳፋው ባዶ ከሆነ ግን መርዝ ይጠረጠራል፤ ለምሳሌ ጫትና አትክልት ላይ የተረጨው ኬሚካል።

ዓሣ መገኘቱ ብቻውንም ማስረጃ አይሆንም። አምባዛ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል የቆሸሸ ኩሬም ውስጥ ይኖራል፤ የሚፈለገው ሌሎቹ ዓይነቶች፣ በተለይም ትንንሾቹ ጫጩቶች አሉ ወይ የሚለው ነው።

በመጨረሻ በጋውን የሚያሻግሩት ጥልቅ ኩሬዎች ጥልቀታቸው ተለክቶ ይመዘገባል፤ ከውስጣቸው የሚስቡት ፓምፖችም ይቆጠራሉ። ውሃው በየትኛው ወር እንደሚቋረጥ የዳር ገበሬዎችን መጠየቅ ይገባል። ኩሬውን ፓምፕ የሚጨርሰው ከሆነ በመጀመሪያ የውሃ አጠቃቀሙ ላይ ከተጠቃሚዎቹ ጋር መስማማት ነው፤ ጠጠር የሚደፋው ከዚያ በኋላ ነው።